አምባዛና ቆሮሶን በአንድ ኩሬ ማኖር፦ ለፎገራ ጓሮ የተዘጋጀ መመሪያ

ጣና ውስጥ ያለው የአምባዛ ዘር አንድ ብቻ ነው፤ የሳይንስ ሰዎች ክላሪያስ ጋሪየፒነስ የሚሉት፣ ስምንት ጢም ያለውና ቅርፊት የሌለው ዓሣ። ወደ ባሮ፣ ወደ ኦሞ ወይም ወደ ጫሞ ቢወርዱ ግን ዘመዶቹ ብዙ ናቸው፤ ባግረስ አለ፣ ሲኖዶንቲስ አለ፣ ሲነኩት በኤሌክትሪክ የሚመታው ማላፕተሩረስ አለ። ከጢስ ዓባይ በታች ባለው ወንዝም እንዲሁ ሌሎች የአምባዛ ዘመዶች ይኖራሉ። ሽቅብ ወጥተው ጣና እንዳይገቡ ያገዳቸው 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወረው ፏፏቴ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት የተለያዩ የአምባዛ ዘሮችን ሰብስቦ አንድ ላይ ማርባት ለሚያምረው ሰው የመጀመሪያው መልስ እዚህ ስላለ ነው። ወረታ ዙሪያ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ከሆኑ ከሌላ ተፋሰስ የመጣ የአምባዛ ዘመድ ወደ ጓሮዎ አያስገቡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች ከአፋፋቸው ሲያልፉ ኩሬው፣ የሩዝ ማሳውና ሐይቁ አንድ ውሃ ይሆናሉ፤ ጓሮዎ ውስጥ የነበረው ዓሣ በአንድ ሌሊት የጣና ዓሣ ሆኖ ያድራል። ሄትሮብራንከስ የተባለው ትልቁ የአምባዛ ዘመድ ከእኛው አምባዛ ጋር ይዳቀላል፤ ናይጄሪያ ውስጥ አርቢዎች ሆን ብለው አዳቅለው ያረቡታል። እዚያ ትርፍ ነው። እዚህ ግን ሐይቁ ወደ 15 የሚጠጉ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ነው፤ አንድ እንግዳ አዳኝ ቢገባበት መልሶ የሚያወጣው ሰው አይኖርም።

ታዲያ ከአምባዛ ጋር ማን ይኑር? ቆሮሶ። ሁለቱ ጣና ውስጥም አብረው የኖሩ ናቸው። ቆሮሶ ቀን ይበላል፣ አምባዛ ሌሊት፤ ቆሮሶ በውሃው አጋማሽ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር ይለቅማል፣ አምባዛ ከታች ጭቃውን ይፈትሻል። ከሁሉ በላይ ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ልክ ይዋለዳል። እናቲቱ እንቁላሏንም ጫጩቷንም በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ ኩሬው በጥቂት ወራት ጣት በሚያካክሉ ዓሣዎች ይሞላና አንዱም ለድስት ሳይደርስ ይቀራል። ያን ትርፍ ጫጩት የሚለቅመው አምባዛ ነው። ነጭ ዓሣን ግን ይተዉት። ብዙው ዝርያ በክረምት ሽቅብ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ገባሮች ወጥቶ፣ ጠጠር ላይ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚጥል ነው፤ የቆመ ኩሬ ለእርሱ ቤት አይሆነውም።

አንድ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ በኩሬ ውስጥ ማን ከማን ጋር በሰላም እንደሚኖር የሚወስነው የአፍ ስፋት ነው። አምባዛ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል፤ ቆሮሶም ይሁን የገዛ ወንድሙ አይለይም። ከዚህ በታች የተነገረው የጊዜ አቆጣጠርና ልኬት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ቦታውና ቁፋሮው

የፎገራ ጥቁር ዋልካ ውሃ ይይዛል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሌላ አገር ያለ አርቢ ለፕላስቲክ ምንጣፍ የሚያወጣውን ገንዘብ እርስዎ አያወጡም። ዋልካ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አንዴ የሞሉትን ኩሬ በጋ ላይ ባዶ አይተዉት፤ ግርግዳውንም ሣር ያልብሱት።

ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ኩሬ ይበቃል። ጥልቀቱ በአንድ በኩል 80 ሳንቲ ሜትር፣ ውሃው በሚወጣበት በኩል 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ጎኑን ቀጥ አድርገው አይቁረጡ፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት ሁለት ሜትር ያህል ጋደል ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። የግርግዳውን ከፍታ ለመወሰን መሣሪያ አያስፈልግም። በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶችዎን ጎርፉ በከፋበት ዓመት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ዛፍ ወይም የቤት ምሰሶ ጠቁመው ያሳዩዎታል። ከዚያ ምልክት በላይ ግማሽ ሜትር ይጨምሩ። ቤትዎ በየዓመቱ ውሃ የሚተኛበት ሰፈር ከሆነና ይህን ያህል ከፍታ መሥራት ካልቻሉ፣ ኩሬውን እዚያ ባይቆፍሩት ይሻላል።

ውሃ መግቢያውንም መውጫውንም በደቃቅ ወንፊት ይዝጉ። ወንፊቱ የሚከላከለው ወደ ውስጥ የሚመጣውንም ነው፤ በመስኖ ቦይ ተንሸራቶ የሚገባ አንድ የዱር አምባዛ ጫጩቶችዎን ሊጨርስ ይችላል። አምባዛ ከውሃ ወጥቶ እርጥብ ሣር ላይ በክንፉ እየተገፋ መሄድ እንደሚችል አይርሱ። ዝናብ በጣለበት ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ በግርግዳው አናት ላይ ጉልበት የሚደርስ የቀርከሃ ወይም የመረብ አጥር ያስፈልጋል፤ አጥሩ አርጃኖንም ይመልሳል። ዓሣ በል ወፎችን ግን አይመልስም፤ ለእነሱ ኩሬው ላይ ገመድ አመሳቅሎ መወጠር ይረዳል።

ስለ ውሃው ምንጭ ጠንከር አድርጌ የምናገረው አለኝ። ፎገራ የሩዝ ብቻ ሳይሆን የቀይ ሽንኩርትም አገር ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የተባይ መድኃኒት ይረጭበታል። ከተረጨ ማሳ የሚወርድ ውሃ ለሰው ዓይን ንጹሕ ቢመስልም ቆሮሶን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከጉድጓድ ወይም ከማሳዎች በላይ ከተጠለፈ ቦይ ያስገቡ፤ ጎረቤትዎ የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ እንዲነግርዎ ይስማሙ፤ በዚያን ቀንና በማግስቱ መግቢያውን ይዝጉ።

ውሃውን ማዘጋጀት

ባዶው ኩሬ ወለል ላይ 10 ኪሎ ያህል የግብርና ኖራ ይበትኑ። ከሳምንት በኋላ ውሃ ይሙሉበትና በአንዱ ጥግ በቀርከሃ በታጠረ ቦታ እበት ይጨምሩ፤ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት 10 ኪሎ ያህል ይበቃል። ውሃው ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ያ አረንጓዴ የቆሮሶ ምግብ ነው።

ልኩን የሚያሳይዎ ክንድዎ ነው። መዳፍዎን ከፍተው ክንድዎን እስከ ክርን ያጥልቁ። ውሃው ክርንዎ ላይ ሲደርስ መዳፍዎ ከዓይንዎ ከጠፋ ልክ ነው። መዳፍዎ ቁልጭ ብሎ ከታየ እበት ይጨምሩ፤ ገና አንጓዎ ላይ ሲደርስ ከጠፋ እበቱን ያቁሙ።

የእምቦጭ አረምን ለጥላ ብለው አያምጡ። በጣና ዳርቻ ያደረሰውን ጉዳት የፎገራ ሰው አይቶታል። ጥላ ካስፈለገ በአንዱ ጥግ ላይ የሸምበቆ ዳስ ይሥሩ። አምባዛ ጨለማ ይወዳል፤ ቀን የሚጠለልበት ሲያገኝም መናከሱ ይቀንሳል።

ጫጩቶቹን ማግኘት

በቅድሚያ የሚጠይቁት በባሕር ዳር ያለውን የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም የወረዳዎን የእንስሳትና ዓሣ ባለሙያ ነው። ከዚያ የሚያገኙት ጫጩት ዕድሜው የታወቀ፣ መጠኑ የተመሳሰለ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሜዳው ስጦታ ነው። አምባዛ በክረምት ጎርፉን ተከትሎ ወደ ሸሸርና ወላላ ረግረጎች፣ ወደ ሣር የተኛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ እየወጣ ይጥላል፤ እንቁላሉ ሙቀት ካገኘ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ውሃው ሲሸሽ በየጉድባው የሚቀሩ ግልገሎች አሉ። ጉድባው ሲደርቅ የሚሞቱትን መሰብሰብ ማንንም አይጎዳም፤ ከዋናው ረግረግ ግን አይውሰዱ፤ የሐይቁ የነገ አምባዛ ያለው እዚያ ነው። በብርብራ ፍሬ ደንዝዞ የተያዘ ዓሣ ከቀረበልዎም አይግዙ፤ ቢተርፍ እንኳ ደካማ ነው፤ ግዢዎም ወንዙን የሚመርዘውን ሰው ያበረታታል።

ከዱር የመጣውን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በተለየ በርሜል ወይም ገንዳ ያቆዩት። ቁስል፣ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ወይም የተበላ ጅራት ያለውን ይለዩ።

ማን ይቅደም

ቆሮሶ ይቅደም። በግንቦት፣ ውሃው ሙቀት ባለበት ወቅት፣ ለ100 ካሬ ሜትር 150 የቆሮሶ ጫጩት ያስገቡ። ክረምቱን ሲያድጉ ይቆያሉ። አምባዛውን ጎርፉ ካለፈ በኋላ በመስከረም ያስገቡ፤ 50 ይበቃሉ። ይህ አካሄድ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል። አምባዛው ሲገባ ቆሮሶው ወፍሮ አፍ ውስጥ ከማይገባበት መጠን ደርሷል፤ ቆሮሶው መዋለድ የጀመረበት ጊዜም ስለሆነ ለአምባዛው የሚለቀም ጫጩት አለው። በተገላቢጦሽ፣ አምባዛን አስቀድሞ ቆሮሶን ማስከተል ቆሮሶውን ለአምባዛው መመገብ ነው።

በሚያስገቡበት ቀን እያንዳንዱ አምባዛ ከትንሹ ቆሮሶ ያጠረ ይሁን። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አምባዛ ከ13 ወይም ከ15 ሳንቲ ሜትር ቆሮሶ ጋር ያለ ችግር ይኖራል። ዓሣውን የያዘውን ፌስታል ወይም ባልዲ ከነውሃው ኩሬው ላይ ለሩብ ሰዓት ያንሳፉት፤ የኩሬውን ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበት፤ ከዚያ ራሳቸው ወጥተው ይሂዱ። ጠዋት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ፤ አምባዛ ከአምባዛ ጋር። ገና ትናንሽ ሳሉ፣ እስከ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ መጠናቸው ቢመሳሰልም አንዱ የሌላውን ጅራት ይነክሳል፤ የተነከሰው ይሞታል። ከፍ ካሉ በኋላ ደግሞ ትልቁ ትንሹን ከራሱ ጀምሮ ሙሉውን ይውጠዋል፤ የራሱን ግማሽ የሚያህለውን ወንድሙን መዋጥ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት በዝምታ የሚካሄድ ነው፤ ሬሳ ተንሳፎ አይታይም፣ ቁጥሩ ብቻ ይጎድላል። ብዙ አርቢ ሌባ ገባብኝ ብሎ የሚጠረጥረው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ መለየት ነው። አምባዛዎቹ እጅዎን እስኪያክሉ ድረስ በየሦስት ሳምንቱ በመረብ ይሰብስቧቸውና ይለኳቸው። ትልቁ ከትንሹ አንድ ጊዜ ተኩል በልጦ ከተገኘ ትልልቆቹን ያውጡ። የሚያወጧቸውን የሚያኖሩበት ትንሽ ገንዳ ወይም በመረብ የታጠረ የኩሬ ጥግ አስቀድመው ያዘጋጁ። በሁሉም ስብስብ ውስጥ ከእኩዮቹ በፍጥነት የሚያድግ አንድ ሁለት አምባዛ ይኖራል። ገበሬ ወፍራሙን እንስሳ ቢወድም፣ ለዚህኛው ማዘን አያስፈልግም፤ የወፈረው ወንድሞቹን በልቶ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ለድስት የሚሄደው እሱ ይሁን። ከመለየት ቀጥሎ የሚረዳው ሆድ ማጥገብ ነው፤ የራበው አምባዛ ይናከሳል።

ምግብ

የፎገራ አርቢ የዓሣ መኖ ከሩቅ መግዛት አይጠበቅበትም። ወረታ ዙሪያ የሩዝ መፈልፈያ ሞልቷል፤ ከዚያ የሚወጣው ዱቄት የመኖው ግማሽ ይሆናል። ቅርፊት የተቀላቀለበት ከሆነ ይንፉት፤ ቅርፊቱን ዓሣ አይፈጨውም። ከዚህ ጋር የኑግ ፋጉሎ ይቀላቅሉ፦ አምስት እጅ የሩዝ ዱቄት፣ አራት እጅ ፋጉሎ፣ አንድ እጅ ደርቆ የተፈጨ የዓሣ ትርፍራፊ። ዓሣ አስጋሪዎች ሲበልቱ የሚጥሉት ራስና ሆድ ዕቃ ለዚህ ይሆናል፤ ግን መቀቀል አለበት፤ ጥሬውን መስጠት በሽታ ወደ ኩሬ ማስገባት ነው። በሙቅ ውሃ ለውሰው ድቡልቡል ያድርጉት፤ ዱቄቱን ብቻ ቢበትኑት ግማሹ ውሃ ውስጥ ይባክናል።

መጠኑ የዓሣው ክብደት ከመቶ አራት ያህል በቀን ነው። 200 ዓሣዎች እያንዳንዳቸው 50 ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው 10 ኪሎ ነው፤ በቀን 400 ግራም ይሰጣሉ ማለት ነው። ሲያድጉ ወደ ሦስት ከዚያም ወደ ሁለት ከመቶ ይቀንሱ። ከዕለቱ ምግብ ግማሹን ረፋድ ላይ ለቆሮሶ፣ ግማሹን ፀሐይ ከገባች በኋላ በሌላው ጥግ ለአምባዛ ይስጡ። በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ብቻ ከሰጡ ቆሮሶው ጨርሶት አምባዛው ጾሙን ያድራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሆዱን በምን እንደሚሞላ ተናግሬአለሁ።

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሁለቱም የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል። በእነዚህ ወራት ምግቡን በግማሽ ይቀንሱ፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ውሃውን ያበላሻል። በዚህ ከፍታ ዓሣ እንደ ቆላው አያድግምና በስድስት ወር ይደርሳል የሚልዎን አይመኑ።

ጠዋት ጠዋት ምን ይዩ

በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ ኩሬው ዳር ይቁሙ። አረንጓዴው ነገር ሌሊት አየር ስለሚወስድ ውሃው አየር የሚያንሰው በዚያ ሰዓት ነው። ቆሮሶዎቹ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ አድርገው የሚያለከልኩ ከሆነ ችግር አለ፤ ወዲያው ምግቡንም እበቱንም ያቁሙ፤ አዲስ ውሃ ከከፍታ እየተንቸረቸረ እንዲገባ ያድርጉ።

አምባዛን በዚህ ጉዳይ አይጠብቁት። ከስንጥቡ በላይ ከአየር የሚተነፍስበት ሌላ ብልት ስላለው ብቅ እያለ አየር ጎርሶ ይመለሳል፤ ይህ ጤንነቱ ነው። አምባዛው ደህና ነው ብሎ የተረጋጋ ሰው ቆሮሶውን በሙሉ ተንሳፎ ሊያገኘው ይችላል።

ኩሬ ለሌለው

ከተማ ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ ማኖር የሚፈልግ ሰው ቆሮሶውን ትቶ የተመሳሰሉ የአምባዛ ግልገሎች ብቻ ይያዝ። 200 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ አምስት ግልገሎች ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ መደበቂያ ያስቀምጡ፤ ወለሉ አሸዋ ይሁን፤ ክዳኑ ላይ ክብደት ይጫን፤ በውሃውና በክዳኑ መካከል ግን መተንፈሻ ክፍተት ይኑር። የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን አድሮ ይግባ፤ በየሳምንቱ አንድ ሦስተኛው ይቀየር። በጌጥ ዓሣ መሸጫ የሚገኙትን ኮሪዶራስ የሚባሉ የደቡብ አሜሪካ ትናንሽ የአምባዛ ዘመዶች ከእነርሱ ጋር አይቀላቅሉ፤ አምባዛው ሊውጣቸው ሲሞክር የጎን እሾሃቸውን ይገትራሉ፣ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፣ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ግልገሉ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከገንዳው ይውጣ፤ ከአንድ ሜትር በላይ ማደግ የሚችል ዓሣ ነው። ሲያወጡት ወደ ኩሬ ወይም ወደ ድስት እንጂ ወደ ወንዝ አይልቀቁት።

አወጣጥ

ለፎገራ አርቢ ጥሩው የገበያ ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። ግንቦት የገባው ቆሮሶ ያን ጊዜ ዘጠኝና አሥር ወር ይሞላዋል። ከአንድ ቀን በፊት ምግብ ያቁሙ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ በመንገድ ላይ ቶሎ አይበላሽም። ቆሮሶውን ጠዋት በተጎታች መረብ ያውጡ። አምባዛው መረቡ ሥር ሾልኮ ጭቃ ውስጥ ስለሚገባ እሱን ለማግኘት ውሃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ማውረድ ያስፈልጋል። ሲይዙት ከራሱ ኋላ፣ ከሁለቱ የጎን ክንፎች በስተጀርባ ጨብጠው ይያዙት፤ በክንፎቹ ፊት ያለው እሾህ እጅ ይቀዳል።

ቆሮሶ ከውሃ እንደወጣ ስለሚሞት ወረታ ገበያ ላይ በጠዋት ይሸጥ ወይም በበረዶ ይሂድ። አምባዛ ግን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በጥላ ከተያዘ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳር ድረስ ሕያው ሆኖ ይደርስልዎታል። ጆንያውን በየመንገዱ ውሃ ያርከፍክፉበት፤ አንዱ በሌላው ላይ ከሁለት ድርብ በላይ አይደርድሩት።